ውሃ የማይጠጡ መንገደኞች

ከቆላ ድባ ጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጤነኛ ሰው "መንገድ ሄድኩ" የሚያሰኝ ርቀት አይደለም። ሽንት ቶሎ ቶሎ ለሚያጣድፋት እናት ግን ጉዞው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ማታ ውሃ አትጠጣም። ጠዋት ጎረቤት ለቡና ሲጠራት "ዛሬ ይቅርብኝ" ትላለች። ከቤት ስትወጣ አንዴ ትሸናለች፤ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ዘመዷ ቤት ጎራ ብላ ሁለተኛ። መኪናው ሞልቶ እስኪነሳ ሦስተኛው ይመጣል። ከስር ጨርቅ አድርጋለች፤ ከላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋለች። አዘዞ ሳይደርሱ ፍተሻ ላይ ሲቆሙ ረዳቱን ቀስ ብላ ትጠራዋለች። "እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ደርሰናል እኮ" ይላታል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ሃያ ደቂቃ መታገሥ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ቢያውቅም የሚያወርድበት ቦታ የለም።

ይህች እናት ስሟ የሚጠራ አንዲት ሴት አይደለችም፤ በየቀበሌው ያለች ናት። አንዳንዴ ደግሞ እናት ሳይሆኑ ለቅሶ ቤት ከድንኳኑ ዳር ብቻ የሚቀመጡ አባት ናቸው። አንዳንዴም ክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ እጇን እያወጣች "ልውጣ?" ስትል የሚሳቅባት ተማሪ ናት።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ሽንቱን መቋጠር ያቃተው ሰው ችግር ግማሹ ፊኛው ውስጥ፣ ግማሹ ከተማው ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ በአብዛኛው በሕክምና ይቀላል። ሁለተኛው ግማሽ በብሎኬትና በውሃ ቧንቧ ይሠራል። ሁለቱም ሳይሆኑ የቀሩበት ዋናው ምክንያት ማንም ስለማይጠይቅ ነው።

መጀመሪያ ስለ ፊኛው። የሽንት ፊኛ ጡንቻ ያለው ከረጢት ነው። የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያህል ይይዛል። ሲሞላ ለአንጎል ይነግራል፤ አንጎል "ቆይ፣ ቦታው አይደለም" ይላል፤ ጡንቻውም ይጠብቃል። ከልክ በላይ የሚሠራ ፊኛ ይህን ሥርዓት ያፈርሳል። ገና ሳይሞላ፣ ሳይታዘዝ ይኮማተራል። ሰውየው ድንገት፣ ሊያዘገየው በማይችል ስሜት ይጣደፋል። ቀኑን ከስምንት ጊዜ በላይ ይመላለሳል፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሳል፤ አንዳንዴ ደጃፍ ሳይደርስ ያመልጠዋል።

ይህ ብርቅ በሽታ አይደለም። በካናዳ፣ በጀርመን፣ በጣሊያን፣ በስዊድንና በእንግሊዝ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ከ100 ጎልማሶች 12 ያህሉ ይህ ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። የወንዱና የሴቱ ቁጥርም የተቀራረበ ነበር። እነዚያ አገሮች በየመንገዱ መጸዳጃ ቤት፣ በየሰፈሩ ሐኪም ያላቸው ናቸው። እዚያም ቢሆን ብዙ ሰው አፍሮ ዝም ይላል።

እኛ ጋ ዝምታው ሌላ ስም ተሰጥቶታል። "ብርድ መቶኝ ነው" ይባላል። "ኩላሊቴን ነው" ይባላል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ "እርጅና ነው" የሚለው ነው፤ እርጅና ነው የተባለ ነገር ሐኪም ዘንድ አይሄድምና። ጸበል የሚሄድ አለ፤ መሄዱ መልካም ነው፤ ግን ከጸበሉም መልስ ፊኛው እንደዚያው ከሆነ ጤና ጣቢያውም ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሽንት የሚያመላልስ ሁሉ ይህ በሽታ ነው ማለት አይደለም። መመላለስ ላይ የማያረካ ጥምና ክሳት ሲጨመሩ ስኳር በሽታ መመርመር አለበት። ማቃጠልና ትኩሳት ካለ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በዕድሜ በገፉ ወንዶች ሽንቱ እየተቆራረጠ የሚወርድ ከሆነ ፕሮስቴት ይታሰባል። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ ኪኒኖች ራሳቸው ሽንት ያበዛሉ። ሽንት ውስጥ ደም ከታየ ደግሞ ቀጠሮ የሚሰጠው ነገር አይደለም። በጣና ዙሪያ ደም ሲታይ "ብልሃርዝያ ነው" ብሎ ማለፍ ይቀናል። ነገር ግን በሐይቁ አካባቢ የሚታወቀው ብልሃርዝያ አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት በኢትዮጵያ የሚታወቀው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላ ቦታዎች ነው። ስለዚህ የደምቢያ ሰው ሽንቱ ውስጥ ደም ካየ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ይህን ሁሉ ለመለየት የሚያስፈልገው መጀመሪያ ትልቅ ማሽን አይደለም። የሽንት ምርመራ፣ የስኳር ምርመራና አሥር ደቂቃ የሚያዳምጥ ባለሙያ ነው። ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ ይጠፋል። የማያዳምጥ ባለሙያ "ኢንፌክሽን ነው" ብሎ አንቲባዮቲክ ይጽፋል። ታማሚዋ ትውጣለች፤ አይሻላትም፤ ሌላ ይጻፍላታል። ኢንፌክሽን ያልሆነ ነገር በአንቲባዮቲክ አይድንም፤ ትርፉ ጀርሙ መድኃኒቱን መልመዱ ነው።

ሕክምናው ደግሞ ከተለመደው ግምት በተቃራኒ የሚጀምረው ከኪኒን አይደለም። መጀመሪያ ልማድ ይታያል። ሦስት ቀን ስንት ጊዜ እንደሸኑ መቁጠር፤ መጻፍ የማይችሉ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ የባቄላ ፍሬ ኩባያ ውስጥ መጣል ይችላሉ። ከዚያ ፊኛን ማስተማር ይመጣል። ሽንት ሲያጣድፍ ቁጭ ብሎ፣ ተንፍሶ፣ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ ሲለመድ አሥራ አምስት፣ እያለ በሳምንታት ውስጥ ጊዜውን ማራዘም ነው። አብሮት ሽንትን የሚይዙትን የዳሌ ወለል ጡንቻዎች አጥብቆ መልቀቅ አለ። ይህን እንቅስቃሴ አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፎ አስተዋውቆታል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጤፍ እየለቀሙም፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦም ይሠራል። ይህ ካልበቃ የፊኛውን ጡንቻ የሚያረጋጉ መድኃኒቶች አሉ። አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፤ በአረጋውያን ላይ የማስታወስ ችሎታን ሊነኩ፣ ፕሮስቴት ያለበትን ሰው ደግሞ ሽንት ሊከለክሉ ይችላሉ። ስለዚህ ከፋርማሲ በወሬ የሚገዙ አይደሉም።

ውሃ መተውስ? ሁሉም ታማሚ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ብዙ ጊዜም ያባብሰዋል። የጠቆረ፣ የከረረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል። ውሃ ያጣ አንጀት ይደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ፊኛውን ይጫነዋል። የደምቢያ ሜዳ ሙቀት ሲጨመርበት አደጋው ከፊኛም ያልፋል። የሚሻለው ቀን በልክ መጠጣት፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሰዓታት መቀነስ ነው። ቡናም ፊኛን ከሚያነቃቁት አንዱ ነው። ቡና ተዉ ማለት ግን በዚህ አገር ጎረቤት ተዉ ማለት ነው። አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካውን በወሬ ማሳለፍ ይቻላል፤ የማታውን መተው ይቻላል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በአንድ የጤና ጣቢያ ክፍል ውስጥ ሊነገር የሚችል ነው። ለምን አይነገርም?

መልሱን ለማግኘት ይህቺ አገር በሌላ የሽንት በሽታ ላይ ያደረገችውን ማየት ይበቃል። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲገቡ፣ በምጥ ብዛት ፊስቱላ የወጣባት ሴት ከቤተሰብ ተለይታ፣ ከጎረቤት ርቃ የምትኖር ነበረች። ከ15 ዓመት በኋላ የራሳቸውን ሆስፒታል አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው ማዕከል ባሕር ዳር ተከፈተ። እስከ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል። ዛሬ በጣና ዳር ያለች የገጠር ሴት "ፊስቱላ" የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ቃሉ ከታወቀ በኋላ ነው ባል ሚስቱን ይዞ ባሕር ዳር መምጣት የጀመረው። ሽንቷ የሚፈስ ሴት የተረገመች ሳትሆን የታመመች መሆኗን አገሩ የተማረው፣ በሽታው ስምና አድራሻ ሲያገኝ ነው።

ፊስቱላ ሌላ፣ ከልክ በላይ የሚሠራ ፊኛ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቀዳዳ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይዘጋል፤ ሁለተኛው የጡንቻና የነርቭ አለመስማማት ነው። ፊስቱላው ከተዘጋም በኋላ ሽንት ማጣደፉና ማምለጡ የሚቀርባቸው ሴቶች አሉ፤ ሐኪሞቹ ያውቁታል፣ ፊዚዮቴራፒም ይሰጣሉ። ሆኖም ፊስቱላ ያላጋጠማት፣ ስድስት ልጅ በሰላም ወልዳ በሃምሳ ዓመቷ ሽንቷ የሚያጣድፋት ሴት ስምም አድራሻም የላትም። በሽታዋ አይገድልም፤ ስለማይገድል አይቆጠርም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ፍትሐዊም ነው። "ክልሉ ግጭት ውስጥ ነው፣ መንገድ ይዘጋል፣ ወባ ተመልሶ መጥቷል፣ መድኃኒት ይጠፋል። አሁን ስለ ሽንት ነው የምታወሩት?" ይላል። ነገር ግን ይህን በሽታ ከባድ ያደረገው ራሱ ይህ ጊዜ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በብዙ ቦታ ሌሊት ከደጅ መውጣት ያስፈራል። መጸዳጃ ቤቱ ግቢ ጥግ የሆነበት፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ የሚነሳ ሰው ድሮ የሚፈራው ጅብ ነበር። ዛሬ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ጥላ ለማን ምን እንደሚመስል አያውቅም። ፖፖ አልጋው ስር ያስቀምጣል፤ ምራቱ እንዳታየው ጎህ ሳይቀድ ይደፋዋል። ፍተሻ በበዛበት መንገድ የአንድ ሰዓቱ ጉዞ ስንት ሰዓት እንደሚሆን አይታወቅም፤ ስለዚህ ጭራሽ አይሄድም። ለስኳሩ የያዘው ቀጠሮ፣ የልጁ ምርቃት፣ የእህቱ ተዝካር ያልፉታል። ሲወጣ ሲገባ በጨለማ የሚወድቅ ሽማግሌ የሚሰብረው አጥንት ደግሞ ከሽንት ሕክምናው እጅግ የበለጠ ያስወጣል።

ቆላ ድባ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 የወባ ወረርሽኝ በደምቢያ ሜዳ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። በቀጣዩ ዓመት የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ወደ ገጠር የሚያሰማራቸው ቡድኖች ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነበራቸው፦ የሚያክም የጤና መኮንን፣ ቤት ለቤት የምትሄድ ነርስ፣ ውሃና መጸዳጃ ቤት የሚከታተል ሳኒቴሪያን። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የሰውን አካልና የሰፈሩን ጉድጓድ ለየብቻ ማከም አይቻልም። ዛሬ የጎደለው ያ ሐሳብ ነው። ፊኛው የሐኪም ጉዳይ፣ መጸዳጃ ቤቱ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ተብሎ ተከፋፈለ፤ ታማሚዋ መሃል ላይ ቀረች።

ስለዚህ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሁለት አስርት ዓመታት በላይ በየቤቱ እየገቡ "መጸዳጃ ቤት አላችሁ?" ሲሉ ኖረዋል። አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ "ሽንት የሚያስቸግረው ሰው አለ?" ይበሉ። የደም ግፊትና የስኳር ክትትል የሚያደርገው ባለሙያም ይህንኑ ይጠይቅ። ሰው ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ከተጠየቀ ግን ብዙ ጊዜ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ መጸዳጃ ቤት። አዲስ አበባ ላይ የኮሪደር ልማቱ ሲሠራ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች አብረው ተሠርተዋል። የወረዳ ከተሞች ግን አሁንም ብዙ ጊዜ የሚታወቁት በተቆለፈ በር ወይም ቁልፍ ባላስፈለገው ቆሻሻ ነው። በቆላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚያልፈው መንገድ ለቱሪስት ሲታሰብ፣ ለመንገደኛዋ እናትም ይታሰብ። መናኸሪያ ሲሠራ ከቢሮው በፊት ንጹሕ፣ ውሃ ያለው፣ በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ይሠራ። ጥቂት ብር የሚያስከፍሉ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ሊያስተዳድሩት ይችላሉ።

ሦስተኛው ምንም በጀት አይጠይቅም። ሾፌሩ ሲጠየቅ ያቁም። መምህሩ ተማሪዋን ሳያስቅባት ያስወጣት። ልጆች እናታቸው ጉዞ የጠላችበትን፣ አባታቸው ሠርግ ላይ በር በር የሚሉበትን ምክንያት ቀስ ብለው፣ ለብቻ ይጠይቁ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። ተረቱ እውነት አለው፤ ጥፋቱን ግን ሁሉ በታማሚው ላይ ይጥላል። ሴትዮዋ በሽታዋን የደበቀችው ስትናገር የሚስቅ ሰው፣ ስትጠይቅ የማያቆም መኪና፣ ስትሄድ የማያዳምጥ ሐኪም ስላየች ነው። እነዚህ ሦስቱ ሲስተካከሉ ከቆላ ድባ ጎንደር እንደገና 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። እስከዚያው ግን ነገ ጠዋት ከመናኸሪያው በሚነሳው መኪና ውስጥ፣ ከትናንት ማታ ጀምራ ውሃ ያልቀመሰች አንዲት እናት በሩ አጠገብ ትቀመጣለች።