ሾተላይ የደም ጉዳይ ነው



በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ልጅ በተከታታይ የሚሞትባት እናት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። በዚህ ስም ስንቷ እህት ታምታለች፣ ስንቷስ ትዳሯን አጥታለች! በዚህ ወር ዓምዳችን ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የደም አለመጣጣምን ነው። የእናት ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የአባት ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ፅንሱ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል። ነገር ግን በወሊድ ጊዜ ደሙ ከእናቱ ደም ጋር ሲቀላቀል፣ ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያዘጋጅበታል። ይህ መከላከያ በሚቀጥለው እርግዝና በእንግዴ ልጁ አልፎ የፅንሱን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራል። ፅንሱ ደም ያንሰዋል፣ ያብጣል፣ ሊሞትም ይችላል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የሚስትም የባልም አይደለም።

«አንቲ-ዲ» የተባለው መርፌ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ እንዲሁም ፖዘቲቭ ልጅ በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ ለእናቲቱ ይሰጣል። ፅንስ ከወረደባትም ፈጥና ሐኪም ታማክር። መርፌው የሚጠቅመው ግን ሰውነቷ መከላከያውን ሳያዘጋጅ በፊት ነው።

ጊዜው ያለፈባትስ ተስፋ ትቁረጥን? በፍጹም! ሐኪሙ በፅንሱ አንጎል ውስጥ የሚያልፈውን ደም ፍጥነት በአልትራሳውንድ ለክቶ የደም ማነሱን ይረዳል። ከዚያም በእናቲቱ ሆድ በኩል ቀጭን መርፌ አስገብቶ በእትብቱ ደም ይሰጠዋል። ፅንስን በማህፀን ሳለ ደም መስጠት እ.ኤ.አ. በ1963 በኒውዚላንድ በዶክተር ዊሊያም ላይሊ ተጀመረ፤ በአገራችንም የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን ሕክምና ሰጥቷል።

ይሁንና የልጅ ሞት ሁሉ ሾተላይ አይደለም። ቂጥኝም ፅንስን ይገድላል፤ በደም ምርመራ ከታወቀ ግን ለእናቲቱ የሚሰጣት የፔኒሲሊን መርፌ ፅንሱንም ያክማል።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ለመድረስ ጊዜ የሚኖረን በሽታው አስቀድሞ ከታወቀ ነው። ስለዚህ ወንድሞች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁን ከመውቀስ በፊት አብራችኋቸው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእናንተም ደም ይመርመር። ኒካሕ ያሰባችሁ ወጣቶችም የደም ዓይነታችሁን እወቁ። አለመጣጣሙ ጥንቃቄን ያስታውሳል እንጂ ኒካሕን አይከለክልም። ሰበቡን ማድረስም ከተወኩል አያወጣም።

አላህ ጤናማ ዘር ይስጠን። አሚን።