ግድቡ ተመርቋል፤ መሐንዲሱስ?

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በእነዚህ ዓመታት ስለ ቦንዱ፣ ስለ ውኃ ሙሌቱና ስለ ድርድሩ ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከግድቡ የሚወጣውን ኃይል የሚያስተዳድረው፣ መስመር የሚዘረጋውና የተበላሸውን የሚጠግነው ወጣት የት ሆኖ ምን እየተማረ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙም ሲነሳ አይሰማም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የታዳሽ ኃይል ምህንድስና መግቢያ ትምህርትን ለአንድ ሴሚስተር ተከታትሏል። ከትምህርቱ የተገኘው ጥቅምም ሆነ የጎደለው ነገር የአንድ ክፍል ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ለውይይት ማቅረቡ ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። ትምህርቱ ተማሪው በዜና የሚሰማቸውን ቁጥሮች እንዲመረምር ያስችለዋል። ለምሳሌ የህዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው ሲባል ብዙ ሰው ይህን ያህል ኃይል ሌት ተቀን የሚወጣ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ግድቡ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ይህንን በዓመቱ 8,760 ሰዓታት ስናካፍለው አማካዩ ወደ 1,800 ሜጋ ዋት ይጠጋል፤ ከሙሉ አቅሙ 35 በመቶ ማለት ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። ዓባይ በክረምትና በበጋ እኩል ስለማይፈስና ተርባይኖቹም ከፍተኛ ፍላጎት ለሚኖርባቸው ሰዓታት ጭምር ስለሚተከሉ የመጣ ነው። ይህንን ልዩነት የተረዳ ዜጋ በሜጋ ዋት ብዛት በቀላሉ አይደናገርም።

የንፋስ ኃይል ምዕራፍም እንዲሁ ጠቃሚ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ግድቦች ውኃ አጥሯቸው አዲስ አበባ መብራት በፈረቃ ስታገኝ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሁሉ በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ መንጠልጠል የሚያስከትለውን ያውቃል። በአገራችን ንፋሱ የሚበረታው በአብዛኛው ውኃው በሚቀንስበት በበጋ ነው። አሸጎዳ (120 ሜጋ ዋት)፣ አዳማ አንድ (51 ሜጋ ዋት) እና አዳማ ሁለት (153 ሜጋ ዋት) ሲገነቡ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ የተዘጋጀው ለሌላ አገር ተማሪ ነው። በምሳሌነት የቀረበው ቤት የክረምት ማሞቂያና የልብስ ማድረቂያ አለው፤ ምጣድ ግን የለውም። የፀሐይ ፓነሉ ወደ ደቡብ 40 ዲግሪ ያህል እንዲያዘነብል ይነገረናል። አዲስ አበባ የምትገኘው በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ነው። በሰኔ ወር ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን በኩል ትሆናለች። ስለዚህ በመጽሐፉ መሠረት የተተከለ ፓነል በዚያ ሰዓት በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን የሚያገኘው ስድስት አሥረኛውን ገደማ ብቻ ነው። የንፋስ ስሌቱም በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር የተሠራ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋችን አየሩ በአምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ በዚያው የንፋስ ፍጥነት የሚገኘው ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህንን ያልተማረ መሐንዲስ ፈተናውን አልፎ ሥራውን ያበላሻል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የምጣዱ ጉዳይ ነው። አንድ ተማሪ «ምጣድ በፀሐይ ለማስነሳት ስንት ፓነል ያስፈልጋል?» ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ሠሩት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 350 ዋት ፓነል ቢሆን በጠራራ ፀሐይ እንኳ 10 ያስፈልጋል። ባለ 10 ዋት የፀሐይ መብራት የገባለት የገጠር ቤት «ኤሌክትሪክ አገኘ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ እናትየው ግን ማገዶ መልቀሟን አታቆምም። በሴሚስተሩ ከተሠሩት ስሌቶች ሁሉ ለአገራችን የቀረበው ይህ ሲሆን፣ በትምህርቱ ዝርዝር ውስጥ ግን አልነበረም።

የተግባር ትምህርቱስ? በአራት ወራት ውስጥ አንድም ቀን ፓነል በእጃችን አልነካንም። ሁለት ፓነሎች ከነካርቶናቸው ስቶር ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ንብረት ክፍሉ ቢሰበሩ ማን ይጠየቃል በማለት ሳያወጣቸው ሴሚስተሩ አለቀ።

በ2000 ዓ.ም. ከ100 ተማሪዎች 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ የሚያደርገው ፖሊሲ ሲወጣ ትኩረቱ ቁጥር ላይ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ደግሞ ጥራትን ለመለካት ታስቦ የመጣ ነው። ነገር ግን በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ተማሪው ባትሪ ማገናኘት መቻል አለመቻሉን አይነግረንም። በገጠር ጤና ኬላ ባትሪው ደክሞ የክትባት ማቀዝቀዣው ሲቆም ግን ተፈላጊው ሰው ባትሪ ማገናኘት የሚችለው ነው።

በጀትና የውጭ ምንዛሪ የለም የሚለው መልስ እውነትነት አለው። ሆኖም አንድ ፓነል፣ አንድ ባትሪና አንድ ማልቲሜትር መርካቶ ይገኛሉ። የአዳማ ተማሪ የንፋስ ተርባይኖቹን ለማየት፣ ቆቃን ለመጎብኘት ሩቅ መንገድ አይሄድም። ተማሪዎች የየቤታቸውን የኃይል ፍጆታ መዝግበው እንዲያመጡና ስሌቱ ከዚያ እንዲጀምር ማድረግ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። የሚያስፈልገው የትምህርት ክፍሎች ፈቃደኝነት፣ እንዲሁም ንብረት ለመማሪያ እንጂ ለቆጠራ ብቻ እንዳልተገዛ የሚያምን አስተዳደር ነው።

በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በአውሮፓውያኑ 2025 ኤሌክትሪክን ለሁሉም ለማዳረስ ግብ ይዞ ነበር። ጊዜው ደርሶ ግቡ አልተመታም፤ ከሕዝቡ ግማሽ ገደማ አሁንም ከመብራት ውጭ ነው። ለግድቡ ግንባታ ከሊስትሮ እስከ ባለሀብት ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቷል። ያ ሕዝብ የኃይሉ ተጠቃሚ እንዲሆን ከተፈለገ ቀጣዩ መዋጮ በመማሪያ ክፍል ውስጥ መዋል ይኖርበታል።