መድኃኒቱ አንድ፣ ሰውነቱ ሁለት

የዚህ እትም ዋና ጉዳይ የኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና ነው። ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ደጋ አንባቢ ጉዳዩ ሩቅ ሊመስል ይችላል፤ ጦርነት ባለፈበት አገር ግን ቁስለኛ እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያለ የኦፒዮይድ ማስታገሻ ያስፈልገዋል፣ የሱስ ሥጋትም አብሮ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሱስ ሕክምና የሚውሉትን ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊንን እ.ኤ.አ. በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካትቷል። ሁለቱም ለወንድም ለሴትም ይሠራሉ፤ ክትትሉ ግን አንድ ሊሆን አይገባም። ሜታዶን የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ ለዚህ ዓይነቱ መዛባት ሴቶች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። በእርግዝና ጊዜም ሰውነት መድኃኒቱን ፈጥኖ ስለሚያስወግድ ብዙውን ጊዜ መጠኑን መጨመር ወይም በቀን ሁለቴ ከፍሎ መስጠት ያስፈልጋል።

«ከጾታ ይልቅ የግለሰብ ልዩነት ይበልጣል» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ሆኖም ጾታን አለመጠየቅ ግለሰቡን ማወቅ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለሴቶች የሚታዘዘው የእንቅልፍ መድኃኒት የዞልፒደም መጠን በግማሽ እንዲቀነስ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2013፣ መድኃኒቱ ከተፈቀደ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። «መድኃኒቱ በበቂ ሳይዳረስ ስለ ልዩነት ማውራት ቅንጦት ነው» ለሚሉም መልሳችን ይህ ነው፦ አገልግሎት ሲጀመር ማስተካከል ይቀላል። በየቀኑ ክሊኒክ ቀርቦ መዋጥን የሚጠይቅ ሕክምና ከዝቋላ ወይም ከደሃና ወረዳ ልጅ አዝላ ለምትመጣ እናት በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሕክምና ነው። ስለዚህ መዝገቡ ጾታንና እርግዝናን፣ መርሐ ግብሩም የመንገዱን ርቀት ከመጀመሪያው ይያዝ። የዚህን እትም ጽሑፎች በዚህ ዓይን እንድታነቡልን እንጠይቃለን።