በጦርነት አገር ለሚሠሩ ሲቪል ሠራተኞች የአሠሪው ኀላፊነት

ጦርነት የሚካኼደው በወታደር ብቻ አይደለም። ምግብ የሚያበስለው፥ ልብስ የሚያጥበው፥ ነዳጅ የሚያመላልሰውና ድልድይ የሚጠግነው ሲቪል ሠራተኛ ባይኖር ሠራዊቱ ሊቆም አይችልም። ወታደር ሲወድቅ መንግሥቱ ያውቀዋል፤ ስሙም በክብር መዝገብ ይጻፋል። በኮንትራት የተቀጠረው ሠራተኛ በዚያው ጥይት ሲሞት ግን ቤተ ሰቡ ማንን ይጠይቅ? ይህ ብርቱ ጥያቄ ነው።

ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ ለወደቀበት እንስሳ ዋጋውን እንዲከፍል በኦሪት ዘጸአት ተደንግጓል። ለእንስሳ እንዲህ ከኾነ፥ ለጥቅሙ ሲል ሰውን ወደ ጦር አገር ያስገባ አሠሪማ እንደ ምን አይጠየቅ!

የአሜሪካ መንግሥት ይህን አስቦ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. በውጭ አገር የጦር ሠፈሮቹ በኮንትራት ስለሚሠሩ ሰዎች ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ አሠሪው ሠራተኛውን አስቀድሞ ኢንሹራንስ የማስገባት ግዴታ አለበት። ሠራተኛው ጕዳት ሲያገኘው የአሠሪውን ጥፋት ሳያስረዳ ሕክምናና ካሣ ያገኛል፤ ጨርሶ ለመሥራት ያልቻለ እንደ ኾነም፥ ከሕጉ ወሰን ሳያልፍ፥ ከደመወዙ ከሦስት እጅ ኹለቱን እጅ ይቀበላል። በዚህ ፈንታ አሠሪውን ስለ ጕዳቱ በሌላ ክስ አይጠይቅም። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነት አደጋ የተከፈለውን ካሣ መንግሥቱ ለኢንሹራንሱ እንዲተካ ተወሰነ። የውጭ አገር ሰውም ከሕጉ አልተለየም።

ኾኖም ሕግ መጻፉ ሌላ፥ ለባለ መብቱ መድረሱ ሌላ ነው። በ2004 ዓ.ም. 12 የኔፓል ሰዎች ወደ ኢራቅ ሲጓዙ በመንገድ ተይዘው ተገደሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በዮርዳኖስ በሆቴል ትሠራላችኹ ተብለው የወጡ ሲኾኑ፥ የሚወሰዱት ግን ወደ አሜሪካ ጦር ሠፈር ነበር። ዜናው ሲሰማ በካትማንዱ ከተማ ታላቅ ሁከት ተነሣ። ለቤተ ሰቦቻቸው በዚህ ሕግ ካሣ የተፈረደላቸው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሰዎቹ ተታለው ተወስደዋል በማለት በዋናው ተቋራጭ ላይ ያቀረቡትን ክስ ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ዓ.ም. አልተቀበለውም።

ለችግሩ ዋናው ምክንያት የተቋራጮቹ መደራረብ ነው። ዋናው ተቋራጭ ሥራውን ለሌላ ይሰጣል፤ ያም ለሌላ ያስተላልፋል፤ ሠራተኛውን የሚመለምለው ደግሞ ሌላ ደላላ ነው። አደጋ በደረሰ ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው ያመለክታል። ማመልከቻው በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበም መብቱ ሊቀር ይችላል፤ በሩቅ ተራራ ያለች መበለት ግን ሕጉ መኖሩን እንኳ አትሰማም። ከዚህም በላይ ሕጉ፥ የአሜሪካ ዜጋና ነዋሪ ላልኾነ ሰው ወደ ፊት የሚከፈለው ካሣ ባንድ ጊዜ ተጠቃሎ በግማሽ እንዲዘጋ ይፈቅዳል። ጥይቱ ሰውን ከሰው ሳይለይ ሲመታ ካሣው መለየቱ ከፍትሕ ጋራ የሚስማማ አይደለም።

ስለዚህ ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ መንግሥት ኹሉ ሹማምንት፥ በውሉ ላይ ማኅተም ከማድረጋቸው በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይገባል፤ ይኸውም እውነተኛው አሠሪና የሥራው ቦታ ማንና የት እንደ ኾነ፥ የኢንሹራንሱ ወረቀት መኖሩን፥ አደጋ ቢደርስም ለቤተ ሰቡ የሚያስታውቀው ማን እንደ ኾነ ነው። ዋናው ተቋራጭም ከበታቹ ላሉት ኹሉ ተጠያቂ ይኹን። የሥራውን ትርፍ የተቀበለ፥ የሥራውን ጕዳት ለሟች ልጆች ትቶ ሊኼድ አይገባውምና።