የሊኑክስ እድሳትና የነጋዴው ኀላፊነት

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ከሚሠሩት የዕቃ አስተላላፊዎች፣ የጉዞ ወኪሎችና የአበባ ላኪዎች መካከል የሒሳባቸውንና የደንበኞቻቸውን መዝገብ የሚጠብቀውን ሰርቨር ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና የሚያሠሩ አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሊኑክስ ያለ ፈቃድ ክፍያ ስለሚገኝ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ማሽኑ አንድ ጊዜ ተተክሎ ሥራውን ከጀመረ በኋላ፣ ያለ ክፍያ የተገኘው ነገር ያለ ወጪ የሚኖር እየመሰለ፣ ባለቤቱ ይረሳዋል።

ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ በ1983 ዓ.ም. ይፋ ያደረገውን ሥራ መሠረት አድርገው ልዩ ልዩ ድርጅቶች ሌሎች ፕሮግራሞችን እየጨመሩ፣ ኡቡንቱ ወይም ሴንትኦኤስ በመሳሰለ ስም፣ በየጊዜው አዲስ እትም ያወጣሉ። እያንዳንዱ እትም የተወሰነ ዕድሜ አለው። በዚያ ዕድሜ ውስጥ ለሌባ በር የሚከፍት ጉድለት ሲገኝ ይደፈናል፤ ዕድሜው ካለፈ በኋላ ግን ማሽኑ እንደ ወትሮው ሲሠራ እየታየ፣ አዲስ የሚገኘው ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱን የሚያታልለውም ይኸው አለመቆሙ ነው። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። በዚያ ሳምንት ስለ ሰርቨር የሚያስብ ሒሳብ ሹም ይገኛል ማለት ያስቸግራል። የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍም በግንቦት 2017 ዓ.ም. አብቅቷል።

ቦሌ ራሱ የተሠራው በዚህ ዓይነት ምክንያት መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች ሲያስመጣ የልደታው ሜዳ ለእነርሱ የሚበቃ አልነበረም፤ ስለዚህ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ዛሬም በዚያው ግቢ ባለው የጥገና አዳራሽ አውሮፕላን የሚገባው በበረራ ሰዓቱና በጉዞው ቍጥር ተቈጥሮ እንጂ እስኪሰበር ተጠብቆ አይደለም። ቆሞ የሚውልበት ቀን ገቢ ያስቀራል፤ ቢሆንም ቀድሞ የታሰበ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ነጋዴ ግን የራሱን ማሽን እስኪወድቅ ይጠብቃል።

«የሚሠራውን ነገር አትንካው» የሚሉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ከኡቡንቱ 20.04 ወደ 22.04 የተሻገረ ሰው ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከ7.4 ወደ 8.1 ተለውጦ ያገኘዋል፤ ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ጽፎት የሄደው የደረሰኝ ፕሮግራም በዚያው ሊቆም ይችላል። ከሴንትኦኤስ 7 የሚወጣውን ደግሞ የባሰ ስውር ነገር ያጋጥመዋል። አዲሶቹ እትሞች ፊደላትን የሚደረድሩበት ሕግ ስለ ተለወጠ፣ ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ያለው ማውጫ እንደገና ካልተሠራ በመዝገቡ ያለ ደንበኛ ሲፈለግ «የለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ስሕተቱም ድምፅ የለውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እድሳቱን በልምምድ ለማድረግ የሚያስገድድ ነው እንጂ ለመተው በቂ ምክንያት አይሆንም። የሰርቨሩ ሙሉ ቅጂ በሌላ ማሽን ላይ ተተክሎ እድሳቱ በቅጂው ላይ ይፈተን፤ ሒሳብ ሹሙም ተቀምጦ ደረሰኝ ያውጣበት፣ ያለፈውን ወር ይዝጋበት። ከኡቡንቱ 20.04 ወደ 24.04 በአንድ ዝላይ ማለፍ አይቻልም፤ በ22.04 በኩል ማለፍ ግድ ነው። ለሴንትኦኤስ ባለቤቶች ያረጀውን ከመጠገን ይልቅ ሮኪ ወይም አልማ የተባለውን ምትክ በአዲስ ማሽን ላይ ተክሎ መዝገቡን ማዛወር ይሻላል። ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2021 ዓ.ም. ይደገፋል ተብሎ ሳለ ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 ዓ.ም. መቋረጡ ግን የሌላውን ቃል ኪዳን አምኖ መተኛት እንደማያዋጣ ያሳያል። የመብራትም ነገር አለ። በእድሳት መካከል ኃይል ቢቋረጥ ማሽኑ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ስለሚቀር፣ የባትሪ መጠባበቂያ ሳይኖር መጀመር ድፍረት ነው።

ቀኑን የሚመርጠው ግን ቴክኒሻኑ ብቻውን መሆን የለበትም። አበባ ላኪው በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ የፍቅረኞች ቀን ገበያ ሲይዘው ሰርቨሩን ሊዘጋ አይችልም፤ በሰኔም ማንም አይችልም። ይህን የሚያውቀው የድርጅቱ ባለቤት ነው። የተለመደው አካሄድ ግን ሌላ ነው፤ ቴክኒሻኑ ይጠይቃል፣ ሥራ አስኪያጁ «ይቆይ» ይላል፣ መዝገቡ የተዘረፈ ወይም የተቈለፈ ቀን ደግሞ የሚወቀሰው ያው ቴክኒሻን ይሆናል። ትእዛዙ በጽሑፍ፣ ቀኑና ወጪው ተለይቶ፣ በባለቤቱ ፊርማ ቢወጣ ሠራተኛውም ይጠበቃል፣ ሥራውም ይሠራል። ኡቡንቱ 22.04ን የሚያሠሩ ድርጅቶች መደበኛው ድጋፍ የሚዘልቀው እስከ ሚያዝያ 2019 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ወጪውን በበጀታቸው መያዝ ያለባቸው ከዚያ ቀን አስቀድመው ነው። እድሳቱ የሚሠራበት የእሑድ ሌሊትም እንደ ትርፍ ሰዓት ይከፈል፤ አሮጌው ማሽን ከመረቡ ተነቅሎ፣ ሳይደመሰስ፣ በአዲሱ ላይ የመጀመሪያው ወር ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ ይቀመጥ።