የ72 ሰዓት አምልኮ

በአሜሪካ በየ4 ዓመቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ በቀረበ ቁጥር፣ ወግ አጥባቂ ነን በምንል ሰዎች መካከል እንደ ቀኖና ተይዞ የሚሰበክ አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም የዘመቻው ዕጣ የሚወጣው በመጨረሻዎቹ 72 ሰዓታት ስለሆነ፣ በእነዚያ ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት ብዙ በር ያንኳኳ፣ ብዙ ስልክ የደወለ፣ አዳራሽ ሞልቶ ያጨበጨበ ወገን ያሸንፋል የሚለው ነው። እኔ በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስ አውራጃ፣ ለሪፐብሊካኑ እጩ ለሚት ሮምኒ በበጎ ፈቃድ ካገለገሉት አንዱ ነበርሁና፣ ይህን ሐሳብ የምነቅፈው ከማዶ ቆሜ አይደለም። ብናሸንፍም ኖሮ እነቅፈው ነበር፤ ከወግ አጥባቂነት ባሕርይ ጋር ፈጽሞ አይስማማምና።

ምንጩን ለሚመረምር ሰው ነገሩ ሲጀመር ከንቱ አልነበረም። በ2000ው ምርጫ ዲሞክራቶች በሠራተኛ ማኅበራት ረዳትነት መራጮቻቸውን በመጨረሻው ሰዓት በብዛት ማውጣታቸውን ያዩ የሪፐብሊካን ፓርቲ መሪዎች፣ የ72 ሰዓት ግብረ ኃይል የተባለውን አቋቁመው በ2002 እና በ2004 ሠሩበት፤ ጆርጅ ቡሽም በ2004 ወሳኝ የነበረችውን ኦሃዮን በ118 ሺህ ያህል ድምፅ በልጠው ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ የፓርቲው ሊቃውንት የድሉን ክብር ለሰዓቱ ሰጡት። ነገር ግን በዚያ ዘመን በር ሲያንኳኳ ከነበረው ሰው ብዙው የዚያው ሰፈር ነዋሪ፣ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ምእመን፣ ልጆቹም ከቤቱ ባለቤት ልጆች ጋር አንድ ትምህርት ቤት የሚውሉ ነበሩና፣ በሩ የተከፈተው ለእጩው ሳይሆን ለጎረቤት ነው። ሦስቱ ቀን ለዓመታት የተዘራው የሚታጨድበት ወቅት ነበር፤ በ2012 እኛ የተጠየቅነው ግን ያልዘራነውን እንድናጭድ ነው።

በዋዜማው፣ ሰኞ ኖቬምበር 5 ቀን፣ ሮምኒ ማለዳ ከፍሎሪዳ ተነሥተው፣ በሊንችበርግ አልፈው፣ ወደ እኛው ፌርፋክስ መጡና በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ፣ 10 ሺህ ያህል ሰው በሚይዘው አዳራሽ ንግግር አደረጉ። ሕዝቡ ከአዳራሹ ተርፎ በውጭ ቆመ። ሕፃናትን በትከሻቸው የተሸከሙ አባቶች፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ የጮኹ ተማሪዎች፣ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ አዛውንት ነበሩ፤ የሚወጣውም ሁሉ «አሸንፈናል» እያለ ይወጣ ነበር። በምርጫው በዚያ አውራጃ ብቻ ከ500 ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ከመቶው 60 የሚጠጋው የሰጠውም ለባራክ ኦባማ ነው። እልፍ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲጮኽ የሰማ ጆሮ፣ እቤቱ ተቀምጦ ዝም ያለውን ግማሽ ሚሊዮን ሊሰማ አይችልም።

ይህ የተራው ሰው የዋህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁም ነበር። በዚያው ሰሞን ስመ ጥር የሆኑት ጸሐፊ ፔጊ ኑናን፣ ሰው ሁሉ በወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ሲመለከት በዓይኑ ፊት ያለውን፣ ማለትም የሮምኒን የሕዝብ ብዛትና በየግቢው የተተከለውን ሰሌዳ፣ ሳያስተውል ቀርቶ ይሆን ብለው ጻፉ። ለድል 270 የወኪል መራጮች ድምፅ በሚበቃበት ምርጫ፣ ከተንታኞቹ ማይክል ባሮን ለሮምኒ 315፣ ጆርጅ ዊል 321፣ ዲክ ሞሪስ 325 ተነበዩላቸው፤ የተገኘው 206 ሆነ። የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች በአመዛኙ የሚያሳዩትን የተናገረ ሰው በእኛ ወገን ዘንድ እንደ ከሃዲ ይታይ ነበር፤ ጥናቶቹም «ያጋደሉ ናቸው» ተብለው፣ እስኪስማሙን ድረስ ቁጥራቸው በእጅ ይስተካከል ነበር። ሮምኒ ራሳቸው በምርጫው ቀን በአውሮፕላን አብረዋቸው ለነበሩት ጋዜጠኞች፣ የጻፉት የድል ንግግር ብቻ መሆኑንና ርዝመቱም 1,118 ቃል መሆኑን ነገሯቸው። ለሽንፈት አንድ ቃል አልተዘጋጀም ነበር።

እንግዲህ ወግ አጥባቂ የሚባለው ማን ነው? የፖለቲካ አሳቢው ኤድመንድ በርክ በ1790 የፈረንሳይን አብዮት በመቃወም ሲጽፍ፣ የሕዝብን ትኩሳት ለመንግሥት መሠረት አድርጎ መውሰድ የጥፋት መንገድ መሆኑን፣ የአገር ፍቅርም የሚጀምረው ሰው ከተወለደበት ከትንሹ ማኅበር መሆኑን አስተምሯል። የዚህ ትምህርት ወራሾች ነን የምንል ሰዎች፣ ትውፊትንና ዝግታን ትተን በሦስት ቀን ስሜት የምንታመን ከሆነ፣ ከምንነቅፋቸው አብዮተኞች የምንለየው በባንዲራችን ቀለም ብቻ ነው።

የትንሹን ማኅበር ቦታ ማን እንደ ወሰደው ደግሞ ከዚሁ ዘመቻ ይታያል። በቦስተን የተቀመጡት የዘመቻው ሹማምንት ኦርካ የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዐት አዘጋጅተው፣ ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች በየምርጫ ጣቢያው ተቀምጠው ማን ድምፅ እንደ ሰጠ በስልካቸው እንዲያስተላልፉ አቀዱ። ለበጎ ፈቃደኞቹ መመሪያው ሲደርሳቸው ምርጫው ሊነጋ ነበር፤ ወረቀቱንም ማተም የራሳቸው ፋንታ ሆነ፤ ይዘው እንዲሄዱ ከታዘዙት ዕቃ ዝርዝር ላይ የታዛቢነት ማረጋገጫ ወረቀት ተዘንግቶ ስለ ቀረ ከጣቢያ የተባረሩ ነበሩ፤ የምሥጢር ቁጥራቸው የማይሠራላቸው ነበሩ፤ ሥርዐቱም በዚያው ቀን መካከል ተሰናከለ። ይህን የጻፍሁት መሣሪያን ለመንቀፍ አይደለም፤ ኦባማም መሣሪያ ነበራቸው። የእነርሱ መሣሪያ ግን በየሰፈሩ ለብዙ ወራት የኖሩ ሰዎች እጅ ነበረ፤ በኦሃዮ ብቻ የከፈቷቸው ጽሕፈት ቤቶች ከእኛ ከእጥፍ በላይ ነበሩ።

ከምርጫው በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ በዚያው በፌርፋክስ፣ በስፕሪንግፊልድ በኩል፣ የተሰጠኝን የስም ዝርዝር ይዤ በር ሳንኳኳ፣ ነጠላ ያጣፉ፣ የሽንኩርት ቢላዋ በእጃቸው የያዙ አንዲት የአገራችን እናት ከፈቱልኝ። በዝርዝሩ ላይ ስማቸው ተጣምሞ ስለ ተጻፈ ሐበሻ መሆናቸውን አላወቅሁም ነበር። ዓላማዬን ስነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ጾሙን ብትል የምጾም፣ ልጆቼን በቁንጥጫ ያሳደግሁ፣ የማንንም እርዳታ ያልጠየቅሁ ሰው ነኝ፤ ያንተ ሰውዬ ግን ስደተኛው ራሱ ጠቅልሎ ይሂድ ብሏል አሉ። ለመሆኑ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ? የእነዚያ ልጅ በሰኔ መጥታ ቡናዬን ጠጥታ፣ ልጄን ለምርጫ መዝግባ ነው የሄደችው» አሉኝ። ሮምኒ በጥር ወር በፍሎሪዳው ክርክር የተናገሩት ፈቃድ ስለሌላቸው ስደተኞች ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። እማማ ግን መልሴን አላስጨረሱኝም፤ ወጡ ሊያርርባቸው ነበር።

እኒህ እናት በአኗኗራቸው ከብዙዎቻችን ይልቅ ወግ አጥባቂ ናቸው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ሐበሻ አብዛኛው እንዲሁ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን በገዛ ገንዘቡ የሚሠራ፣ በዕድርና በዕቁብ የሚረዳዳ፣ ታክሲ ነድቶ ወይም ሱቅ ከፍቶ ልጅ የሚያስተምር ሕዝብ ነው። እርሱን ለማሳመን ሦስት ቀን ይበቃል ብሎ ማሰብ ንቀት ነው። ይህም ንቀት ሮምኒ ከሀብታም ለጋሾች ፊት፣ ከሕዝቡ ከመቶ 47ቱ በመንግሥት የተደገፈ ስለሆነ ስለ እርሱ መጨነቅ ሥራዬ አይደለም ካሉት ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። (የራሳቸውም ድምፅ በመጨረሻ ከመቶ 47 ሆኖ ቀረ፤ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ቀልድ ያውቃል።)

ታዲያ በመጨረሻው ቀን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ወይ የሚለኝ ይኖራል። አይደለም፤ ሽማግሌውን በመኪና ወደ ጣቢያ ማድረስ፣ የረሳውን ማስታወስ ይገባል። ነገር ግን ይህ የአገልጋይነት ሥራ እንጂ የማሳመን ሥራ አይደለምና፣ ሁለቱን ያደባለቀ ዘመቻ የበጎ ፈቃደኞቹን ጉልበት በከንቱ ያፈስሳል።

የሪፐብሊካን ብሔራዊ ኮሚቴ በመጋቢት 2013 ባወጣው የምርመራ ጽሑፍ፣ ወደ ስደተኞችና ወደ ኅዳጣን ማኅበረሰቦች ዓመቱን ሙሉ መሄድ እንጂ ምርጫ ሲደርስ ብቻ ብቅ ማለት እንደማይበጅ በራሱ አንደበት መሰከረ። ስለዚህ ለወገኖቼ የማቀርበው ልመና አጭር ነው፤ በሚቀጥለው ምርጫ የ72 ሰዓት ጥሪ ሲመጣላችሁ፣ ጠሪውን ያለፉትን 3 ዓመታት የት እንደ ከረመ ጠይቁት። ሪፐብሊካኖች በፕሬዚዳንት ምርጫ ቨርጂኒያን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፉት በ2004 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 2024 ድረስ በተደረጉት 5 ምርጫዎች ሁሉ ተሸንፈውባታል።