ቀበቶ የታጠቀ ባላጋራ አይምረጥ

ይድረስ ለዩኤፍሲ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለአቶ ዳና ኋይት እና ግጥሚያ ለሚያወጡ ባልደረቦችዎ

ላስ ቬጋስ ላይ ቅዳሜ ማታ ዋናው ፍልሚያ ሲጀመር አዲስ አበባ ላይ እሑድ ጠዋት ነው። እኔም ያንን ሰዓት ጠብቀው ከሚያዩ ተመልካቾች አንዱ ነኝ። ቅሬታዬ አንድ ነው። ሻምፒዮን ማንን፣ መቼ እንደሚገጥም የምትወስኑበት አሠራር ለደፋሩም ለአድፋጩም እኩል ይመቻል። የቅይጥ ማርሻል አርት ስፖርትን ያሳደገው ግን ደፋሩ ብቻ ነው።

ምስክሬ አየርላንዳዊው ኮነር ማክግሬጎር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ከሻምፒዮኑ ከጆሴ አልዶ ጋር ሊካሄድ ለታቀደው ፍልሚያ ወራት ሙሉ ሲፎክር ከረመ። ቀኑ ሲቃረብ አልዶ የጎድን አጥንቱ ተጎድቶ ቀረ። በምትኩ የመጣው ቻድ ሜንዴዝ በትግል ያደገ፣ ጥሎ መሬት ላይ የሚደበድብ፣ ቆሞ በጡጫ ለሚኖረው ማክግሬጎር እጅግ የማይመች ሰው ነበር። አየርላንዳዊው «አልዶ እስኪድን እጠብቃለሁ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ሜንዴዝ ደጋግሞ ጣለው፤ ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ 3 ሰከንድ ሲቀረው ግን በማክግሬጎር አሸናፊነት ፍልሚያው ቆመ። በዲሴምበር አልዶ ድኖ ሲመጣ በ13 ሰከንድ ዘረረው።

በማርች 2016 ደግሞ ሊገጥመው የነበረው ራፋኤል ዶስ አንጆስ እግሩ ተሰበረ። 11 ቀን ሲቀር ኔት ዳያዝ ተተካ። ማክግሬጎር ቀበቶ የያዘው በ145 ፓውንድ ነው፤ ዳያዝን ግን በ170 ለመግጠም ተስማማ። በሁለተኛው ዙር አንገቱን ታንቆ እጅ ሰጠ። በኦገስት እዚያው 170 ላይ እንደገና ገጠመው፤ በዳኞች ነጥብ ለጥቂት አሸነፈ። በኖቬምበር ኒውዮርክ ላይ የ155 ፓውንድ ሻምፒዮኑን ኤዲ አልቫሬዝን አሸንፎ ሁለት የዩኤፍሲ ቀበቶ በአንድ ጊዜ የያዘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ከዚህ ድፍረት ማን ተጠቀመ? በመጀመሪያ እነዚያን ምሽቶች አምነው ወራት ሲዘጋጁ የከረሙት፣ ስማቸው ከታች የሚጻፈው ተፋላሚዎች። እነሱ የወር ደመወዝ የላቸውም፤ የሚከፈላቸው ሲፋለሙ ነው፤ ዋናው ፍልሚያ ሲፈርስ የእነሱም እንጀራ ያሰጋዋል። ቀጥሎ ዳያዝ፦ ለዓመታት የለፋው ሰው ስሙ ከስፖርቱ ወዳጆች አልፎ በዓለም የታወቀው በእነዚያ ሁለት ምሽቶች ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለሌሎች ሻምፒዮኖች የቀረው ትምህርት ነው፤ ተሸንፎም ዋጋው አልወረደም፤ ይልቁንም ሁለተኛው ፍልሚያ ከመጀመሪያው ይልቅ ተናፈቀ። ሽንፈት ሞት አለመሆኑን ሰው ሁሉ አየ።

በእኛ ባህል ፎካሪ በአደባባይ ራሱን ዋስ ያስይዛል፤ ፉከራውን የሰማ ሁሉ በማግሥቱ ከጦር ሜዳ ይጠብቀዋል። የማክግሬጎርም አፍ የጠቀመው ለዚህ ነው። ሁሉንም እገጥማለሁ ብሎ ያወጀ ሰው ዳያዝን እምቢ የሚልበት አፍ አይኖረውም። ፉከራው ብቻውን ግን ምንም አይደለም። ብራዚላዊው አሌክስ ፔሬይራ ዝምተኛ ነው፤ ሆኖም በ2024 በኤፕሪል፣ በጁንና በኦክቶበር ቀበቶውን ሦስት ጊዜ ተከላከለ። የጁኑን ፍልሚያ የተቀበለው የማክግሬጎርና የማይክል ቻንድለር ግጥሚያ ሲፈርስ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀር ነው።

አሠራራችሁ ግን በዚህ ዓይነቱ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል። በጎ ፈቃድ ደግሞ ያልቃል። ያው ማክግሬጎር ሁለቱንም ቀበቶ አንድም ጊዜ ሳይከላከል አጣ። የ155ቱን ከአንድ ዓመት በላይ ይዞ ተቀመጠ፤ በመካከሉም ሄዶ ከፍሎይድ ሜይዌዘር ጋር ቦክስ ገጠመ። እስከ ኤፕሪል 2018 ዝም አላችሁት።

የጆን ጆንስ ታሪክ ከዚህ ይብሳል። በ2012 ተጋጣሚው ዳን ሄንደርሰን ሲጎዳ ጆንስ ቼል ሶነንን በስምንት ቀን ማስጠንቀቂያ አልገጥምም አለ፤ ዝግጅቱ በሙሉ ተሰረዘ፤ እርስዎም በአደባባይ ወቀሱት። ያ ወቀሳ ከ11 ዓመት በኋላ የት ገባ? ጆንስ በማርች 2023 የከባድ ክብደቱን ቀበቶ ወሰደ፤ ቆይቶ የደረት ጡንቻው ተጎዳ። መጎዳቱ ነውር አይደለም። በኖቬምበር 2023 እንግሊዛዊው ቶም አስፒናል በሁለት ሳምንት ገደማ ማስጠንቀቂያ መጥቶ ሰርጌይ ፓቭሎቪችን በ69 ሰከንድ ዘረረና ጊዜያዊ ሻምፒዮን ሆነ። በጁላይ 2024 ያንኑ ጊዜያዊ ቀበቶ ማንቸስተር ላይ ተከላከለ። ጆንስ ድኖ ሲመለስ ግን ፊቱ የቆመው አስፒናል ሳይሆን የ42 ዓመቱ ስቲፔ ሚዮቺች ነበር፤ ሚዮቺች ከማርች 2021 ወዲህ አልተፋለመም። በጁን 2025 ጆንስ ጡረታ ወጣ ብለው ነገሩን። ለ19 ወር ተራ የጠበቀው አስፒናል ሙሉ ሻምፒዮን የተባለው ማንንም ሳይገጥም ነው። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላለ ተፋላሚ 19 ወር ስንት እንደሆነ ከእኔ እርስዎ ያውቃሉ።

አድፋጩ ምንም የማይቀርበት ከሆነ ደፋሩ ምን ጅል ነው?

ተፋላሚዎችንም ሁሉንም አልወቅስም። ክፍያ ማነሱን የሚናገሩት እነሱ ብቻ አይደሉም፤ ተፋላሚዎች ዩኤፍሲን ከስሰው በ2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የ375 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ምስክር ነው። የክፍያው ድርድር ካልተስተካከለ ሻምፒዮኑ በእጁ የቀረውን ብቸኛ መደራደሪያ፣ እምቢታን፣ ይይዛል። በቦክስ ቀበቶ ሰጪ ድርጅቶች ሻምፒዮኑ የሚገጥመውን የግዴታ ተፋላሚ ይሰይማሉ። የቦክስ ጉድ ብዙ እንደሆነ እናውቃለን፤ ይህ ደንቡ ግን መልካም ነው። እናንተ ዘንድ ቀበቶውም፣ ግጥሚያውም፣ ገበያውም በአንድ እጅ ስለሆነ «ሌላው አካል አዘገየው» የምትሉበት ምክንያት እንኳ የላችሁም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ጤነኛ ሆኖ በ12 ወር ውስጥ ቀዳሚውን ተፎካካሪ ያልገጠመ ሻምፒዮን ቀበቶውን ያስረክብ። ጊዜያዊ ሻምፒዮን ካለ፣ ከጉዳት የተመለሰ ሻምፒዮን የመጀመሪያ ፍልሚያው ከእሱ ጋር ይሁን። በአጭር ማስጠንቀቂያ የሚተካ ተፋላሚ ደግሞ ተጨማሪ ክፍያው አስቀድሞ በደንብ የተጻፈ ይሁን፤ ድፍረት በየጊዜው በድርድር የሚለመን አይሁን።

ቀድሞ ትልቅ ስም መጠበቅ የገበያ ምክንያት ነበረው፤ ገቢው በከፊል የየምሽቱን ሽያጭ ተከትሎ ይመጣ ነበርና። ከ2026 ጀምሮ ግን ከፓራማውንት ጋር ለሰባት ዓመት 7.7 ቢሊዮን ዶላር ውል ገብታችኋል። ገንዘቡ አስቀድሞ ተቆርጧል። አንድን ስመ ጥር ሰው ዓመት ሙሉ እየጠበቁ ምድቡን ማስተኛት ከእንግዲህ የንግድ ብልሃት ሊባል አይችልም፤ ስንፍና ነው። ደንቡን ይጻፉት፤ ማንንም እገጥማለሁ የሚለው ሻምፒዮን ለመፈረም የመጀመሪያው እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ተመልካች